ቋንቋን የሚገድለው የተዋሰው ቃል ሳይሆን የተዘጋበት በር ነው!

(ከዚህ በታች የምታነቡት በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ የዕድር አዳራሽ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የቋንቋ መምህር ናቸው። ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍላችን ናቸው።)



የዕድራችን ዳኛ “ስለ ቋንቋ ንገረን” ብለው ሲጠሩኝ “ስለየትኛው ቋንቋ?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “ስለሚያባላን ነዋ!” አሉኝ። እንግዲህ የታዘዝኩትን ላድርስ።

የንግግሬ ጉዳይ ይህ ነው፦ ድል አድራጊ አገር ሲይዝ ቋንቋው የአገሬውን ቋንቋ ምን ያደርገዋል? በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ነው። የውጭ ቃል ሲገባ ቋንቋ ይበከላል፣ ይዳከማል፣ በመጨረሻም ይሞታል ይባላል። እኔ ዛሬ የምለው ግን ሌላ ነው። ቋንቋ ቃል በመዋስ አይሞትም። ቋንቋ የሚሞተው የትምህርት ቤት በር፣ የፍርድ ቤት በር፣ የመሥሪያ ቤት በር ሲዘጋበት ነው። በሩን የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፈረንጅ አይደለም። አንዳንዴ እኛው ነን።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኮልፌ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት ይበቃል። ወደ ምሥራቅ መርካቶ አለ፤ ከፍ ብሎ ዊንጌት አለ፤ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነበረ። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ትምህርት ነው። “ኮልፌ” ሲባል ኦሮምኛ የሚያውቅ ጆሮ “ኮልፋ” የሚለውን ይሰማል፤ ሳቅ ማለት ነው። “ቀራንዮ” ደግሞ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ነው፤ የራስ ቅል ማለት ነው። ሳቅና የራስ ቅል በአንድ መታወቂያ ላይ ተጽፈውልን ስንኖር ማንም አልሞተም። ቃላት እንደ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ከየትም ይመጡና አብረው ይኖራሉ።

“መርካቶ ኢንዲጀኖ”

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ፋሽስቶቹ ከተማዋን በቆዳ ቀለም ሊከፍሏት አቀዱ። ነጩ ወዲህ፣ ጥቁሩ ወዲያ! በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉትና “መርካቶ ኢንዲጀኖ” አሉት። የአገሬው ሰው ገበያ ማለታቸው ነው። ከጣሊያኖቹ ገበያ እንዲለይ፣ ጥቁሩ ልኩን እንዲያውቅ የተሰጠ ስም ነበር።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ታዲያ ምን አደረገ? “መርካቶ”ን ወሰደ፣ “ኢንዲጀኖ”ን ጣለ። ዛሬ “ኢንዲጀኖ ውዬ መጣሁ” የሚል ነጋዴ አለ እንዴ? የለም! ስድቡ ቀርቶ ገበያው ብቻ ቀረ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ ዶርዜው፣ አማራው፣ ሁሉም መርካቶን የራሱ አደረገው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። አራዳን “ፒያሳ” አልነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በምህጻረ ቃል “ኢንቺስ” ይባል ነበር፤ “ካዜ ኢንቺስ”፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ድሀው የሚኖርበት “ፖፖላሬ” ተባለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ጠርዝ ተበተነ። ስሙን ግን ግሬደር አላፈረሰውም። ቃል ከቤት ይልቅ ዕድሜ እንዳለው እዩልኝ።

አሁን ደግሞ ወደ ጋራዥ እንግባ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ጋቢና፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ። ከጋራዥ ወጥተን ግንባታ ቦታ ብንሄድ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ኮርኒስ። ቤት ስንገባ ባኞና ላቫንዲኖ። ካፌ ስንቀመጥ ማኪያቶ። ታክሲ ስንጠብቅ ፌርማታ። ቁስላችንን ስናስር ፋሻ። የጣሊያን ቃል ከእጃችን ሲወጣ አይውልም!

ይህን ሰምቶ “አማርኛ ተወረረ” የሚል ሰው ካለ እስቲ ቀረብ ብሎ ይመልከት። ጣሊያናዊው “ማኪና” ብሎ አመጣው። እኛ መኪናዬ፣ መኪናችን፣ መኪኖች፣ ባለመኪና አልነው። ብዙ ቁጥሩ የእኛ፣ ባለቤትነቱ የእኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ የእኛ። “ፊርማ”ን ወሰድንና ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ ፈራሚ ብለን እንደ ገደለና እንደ ሰበረ አረባነው። ቋንቋ ማለት ይኼ ነው። ቃል ጡብ ነው፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን ሰዋስው ነው። ጣሊያን ጡብ ትቶልን ሄደ እንጂ ቤታችንን አልቀየረውም። ኦሮምኛውም ትግርኛውም እነዚህኑ ጡቦች ወስደው በየራሳቸው ቤት ገንብተውባቸዋል።

እንዲያውም አንዳንዱን ቃል ገልብጠን ነው የመለስንላቸው። “ባንዳ” በጣሊያን ጦር ውስጥ ከአገሬው ሰው የተመለመለ ያልመደበኛ ጭፍራ ስም ነበር፤ ለእነሱ የሹመት ቃል ነው። እኛ ዘንድ ግን ለጠላት ያደረ፣ ወገኑን የሸጠ ማለት ሆነ። እስከ ዛሬም በአማርኛ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ድል አድራጊው ያከበረበትን ቃል ድል የተደረገው ውርደት አደረገበት። ታዲያ ማን ማንን አሸነፈ?

ጣሊያን የጎዳን በየት በኩል ነው?

ይህን ስል ጣሊያን አልጎዳንም ማለቴ አይደለም። የጎዳን ግን በቃል አይደለም፤ በበር ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ፈጃቸው። ቋንቋን የሚያሳድገው የሚጽፍበት፣ የሚያስተምርበት ሰው ነው። እነዚያ ወጣቶች ቢኖሩ ኖሮ በአማርኛም ይሁን በሌላው ቋንቋችን ምን ይጻፍ እንደነበር ማን ያውቃል? ከእኛ በፊት በያዛት በኤርትራ ደግሞ የአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዲማር አይፈቅድም ነበር። ልጁ ለአስተርጓሚነትና ለተላላኪነት የሚበቃውን ያህል ይማር፤ ከዚያ በላይ በሩ ዝግ ነው!

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱን በስድስት ከፈለና በየክፍሉ የአገሬው ልጆች የሚማሩበትን ቋንቋ ደነገገ። በአማራ ግዛት አማርኛ፣ በአዲስ አበባ አማርኛና ኦሮምኛ፣ በሐረር ሐረሪና ኦሮምኛ፣ በኤርትራ ትግርኛ፣ በሶማሊያ ሶማልኛ ተባለ። ዓላማው ለቋንቋዎቹ አዝኖ አልነበረም። ከፋፍሎ ለመግዛት ነበር።

ይህን ይዘው አንዳንድ ወገኖቻችን “በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ጣሊያን የዘራው መርዝ ነው” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጣሊያን መንገድም ሠርቷል፤ መንገዱን የሠራው ጦሩን ሊያመላልስበት ነው። ታዲያ እኛ ከነጻነት በኋላ በመንገዱ አንሄድም አልን? ኦሮሞው ልጁን በኦሮምኛ ላስተምር ሲል የሙሶሎኒን ሕግ አንብቦ አይደለም፤ ልጁ እንዲገባው ፈልጎ ነው። ወራሪ ለተንኮል የተጠቀመበት ሁሉ ተንኮል አይሆንም። ነገር ግን ሌላውም ወገን ይስማ! በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚምል ሁሉ ለቋንቋው የሚያዝን አይደለም። ለመከፋፈል የሚጠቀምበትም አለ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ በር እየከፈተ ነው ወይስ እየዘጋ?

አራት ሰው ብቻ የቀረው ቋንቋ

በር ሲዘጋ ቋንቋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጋፋትን ጠይቁ። ጋፋት በዓባይ ወንዝ አካባቢ ይኖር የነበረ ሕዝብ ነው፤ ጋፋትኛም የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ማኅልየ ማኅልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ጎጃም ወርዶ ሲፈልግ ቋንቋውን የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ በስንት ልፋት አገኘ። አራት! ዛሬ አንድም የለም።

ጋፋትን የገደለው ፈረንጅ አይደለም። የገደለው አማርኛ ነው። አማርኛ ስል ሰዋስዉን ማለቴ አይደለም፤ ሥልጣን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና ክብር ሁሉ በአማርኛ በኩል ብቻ ሲገኝ እናት ልጇን በጋፋትኛ ማባበል ተወች። ቋንቋ ጦር ሜዳ ላይ አይሞትም፤ እናት ጉልበት ላይ ነው የሚሞተው። እናት “ይኼ ቋንቋ ለልጄ አይጠቅመውም” ያለች ዕለት ነገሩ አብቅቷል።

የተገላቢጦሹን ደግሞ ከእንግሊዝ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም በፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ በሺዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይኛ ቃላት ዋጠ። ሞተ? አልሞተም! ገበሬው ቤቱ ውስጥ አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ1362 ደግሞ ክርክር በፍርድ ቤት በእንግሊዝኛ እንዲሰማ በሕግ ተፈቀደ። ሦስት መቶ ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ። ያ ቋንቋ ነው ዛሬ ዓለምን የሚገዛው። ቃል መዋስ ቢገድል ኖሮ መጀመሪያ የሚቀበረው እንግሊዝኛ ነበር።

እኛስ?

አሁን እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። የሌላውን ኃጢአት መቁጠር ቀላል ነው።

ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ሚሲዮኖችን የሚመለከት ድንጋጌ ወጣና በመላ ኢትዮጵያ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። የጋራ መግባቢያ ማስፈለጉ ሐሰት አይደለም። ችግሩ አማርኛ መግባቱ ሳይሆን ሌላው እንዲወጣ መደረጉ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ኦሮሞ፣ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ሶማሌ ክስ ሊያሰማ ሲሄድ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ አውጥቶ ካሳተመ በኋላ እንኳ ኦሮምኛ ለአሥርት ዓመታት ከትምህርት ቤት ደጅ ውጭ ቆሟል። በኦሮምኛ ጋዜጣ የታየው በሪሳ ሲመሠረት በ1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሰጥቷል፤ ይህን ያህል መመስገን አለበት። መደበኛው ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ ብቻ ቀጠለ።

ይህችም ከተማ ስም ነበራት። ፍልውሃውን ኦሮሞው ፊንፊኔ ይለው ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። ጉለሌና ገላን የኦሮሞ ጎሳ ስሞች ናቸው፤ እኛ የታክሲ መዳረሻ እናደርጋቸዋለን። ይህን መናገር አዲስ አበቤውን ከቤቱ ማስወጣት አይደለም። ከተማዋ የሚኖርባት ሁሉ ናት። ነገር ግን “መርካቶ ኢንዲጀኖ” ሲባል የሚቆጨን ሰዎች የጎረቤታችንም ቁጭት ሊገባን ይገባል።

ኦሮምኛ ግን እንደ ጋፋት አልሞተም። ቤት ውስጥ፣ እርሻ ላይ፣ ገበያ ላይ ኖረ። ጭራሽ ለአማርኛም አበደረ። ልጅ ማሳደግ ስንፈልግ ምን እንላለን? “ጉዲፈቻ”! የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ ሲጻፍ ለዚህ ጉዳይ የተጠቀመው የኦሮምኛ ቃል ነው። አማርኛም ራሱ ቢሆን ከሥሩ ድብልቅ ነው። በግዕዝ ግሡ ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህ የመጣው አማርኛን ከተቀበሉት ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ሕዝቦች አፍ ነው ይላሉ። ድል የተደረገው ሕዝብ የድል አድራጊውን ቋንቋ ወርሶ በራሱ ዜማ አስተካከለው ማለት ነው። እንግዲህ “ንጹሕ አማርኛ” እያሉ የሚፎክሩ ሰዎች ፉከራቸውን የሚጨርሱት በአገው ሥርዓት ነው!

የኮልፌው ካምፕ

ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ። ሁለቱም እዚሁ ኮልፌ ነበሩ።

በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ መጥቶ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ተቀመጠ። የዚያ ጦር አዛዥ ኮሎኔል፣ በኋላ ጄኔራል፣ ታደሰ ብሩ ነበሩ። ታደሰ የኦሮሞ ተወላጅ ሆነው ለዘውዱ ታማኝ መኮንን ነበሩ፤ ሕዝቡ ማንበብና መጻፍ እንዲማርም የሚተጉ ሰው ነበሩ። ኋላ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪ ሆኑ። ማኅበሩ ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት የተነሳ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። በር ላስከፍት ያለን ሰው መንግሥታችን እንዲህ ነው የሸኘው። በሩን በሰላም የሚያንኳኳውን ስታስር ነገ የሚመጣው በሩን የሚሰብር ነው። አልመጣም እንዴ?

ማንዴላ አገሩ ተመልሶ ወዲያው ተያዘ፤ 27 ዓመት ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ ያደረገውን ታውቃላችሁ? አፍሪካንስ ተማረ። የገዢዎቹን ቋንቋ፣ የአሳሪዎቹን ቋንቋ! ጠባቂዎቹን በቋንቋቸው አነጋገራቸው፤ ጠላቱን አወቀው፣ በኋላም ተደራደረው። እሱ ሮበን ደሴት እያለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976፣ የሶዌቶ ተማሪዎች ያንኑ አፍሪካንስ አንማርም ብለው ወጡ። መንግሥት ትምህርታችሁን በአፍሪካንስ ካልተማራችሁ ብሎ አስገድዷቸው ነበር። ፖሊስ በልጆች ላይ ተኮሰ።

አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ሕዝብ። አንዱ ወዶ ተማረው፤ ሌላው ተገዶ ሞተበት። ልዩነቱ ቋንቋው ላይ አይደለም፤ ዱላው ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጻ ስትወጣ አፍሪካንስን አልቀበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕገ መንግሥቷ ከ11 የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2023 የምልክት ቋንቋን ጨምራ 12 አደረሰቻቸው።

ዱላው እጅ ሲለውጥ

የእኛስ ነጻነት እንዴት ሆነ? ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ ትምህርት ቤት ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው አለ። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ታሰበ። ጨበጨብን! ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ እንደያዘው ቀረ። እስቲ አንዲት አፋር እናት አዲስ አበባ ወዳለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሄዳ በቋንቋዋ ማመልከቻ ትስጥና እናያለን!

ወረቀቱ ተኝቶ ሳለ የነቃው ዱላው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል መዝሙር ይዘመር፣ ሰንደቁ ይሰቀል በሚል ረብሻ ተነሳ። ትምህርት ተስተጓጎለ፤ ተማሪዎች ታሰሩ። ልብ በሉ! የአዲስ አበባ ልጅ ኦሮምኛ ቢማር እኔ ደስታዬ ነው። ግን በር ላይ ፖሊስ አቁመህ የምታስተምረውን ቋንቋ ልጁ ለምን ይወደዋል? ዋናው የቋንቋ ትምህርት ቀርቶ ነገሩ ሁሉ የመዝሙርና የባንዲራ ሆነ። ትናንት ኦሮሞው ልጅ በአማርኛ ምክንያት የቀመሰውን ቅሬታ ዛሬ የአዲስ አበባው ልጅ እንዲቀምስ ማድረግ ፍትሕ አይባልም። ዱላው እጅ ለወጠ እንጂ አልተጣለም!

ያልወረረን ወራሪ

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያልያዘን፣ ግን ያሸነፈን ቋንቋ አለ። እንግሊዝኛ! እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ሊዋጉ መጡ፤ ሄዱ። ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1938 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኮንን ስም ተከፈተና ብዙ ምሁራን አወጣ። ይህ በጎ ነው። ግን ዛሬ በከተማችን በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ልጅ በዕረፍት ሰዓት አማርኛ ሲናገር ከተገኘ ይቀጣል። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በልጅነቱ በቅኝ ገዢዎች ዘመን ኪኩዩ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ እንደነበር ጽፏል። ኬንያ ላይ ቅኝ ገዢ ነበረ። እኛ ላይ ማን አለ? ቅጣቱን ከፍለን፣ በየወሩ በሺዎች ብር ከፍለን፣ ልጃችንን ቋንቋው እንዲያፍርበት የምናስተምር እኛው ነን።

ውጤቱስ? በጥር 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገልጽ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ መጽሐፍ የለም፣ ጦርነት ነበር፣ መምህሩ ደመወዙ አይበቃውም። ግን ፊዚክስን በማይገባው እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሁለት ሸክም ነው የተሸከመው። እንግሊዝኛ ይማር! በደንብ ይማር! ሊማርበት ግን መጀመሪያ ሊገባው ይገባል።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ወላጆች! ልጃችሁ በመጀመሪያ በሚያልምበት ቋንቋ ማንበብ ይቻል። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለጉራግኛ፣ ለስልጥኛ ቅጣት የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ካለ በወላጆች ስብሰባ ተነስታችሁ “ይህ ይቅር” በሉ። ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ፤ ያዳምጧችኋል።

ሁለተኛ፣ አማርኛ ተናጋሪው ኦሮምኛ ይማር። ማንም ሳያስገድደው፣ እንደ ማንዴላ ወዶ ይማር። ጎረቤቱ ነው፤ ገበያው ነው፤ ነገ ሥራው ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ልጁን ከአማርኛ አያጉድል። አንድ በር ሲከፈት ሌላውን መዝጋት ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መንግሥት! መዝሙሩን ተወውና መስኮቱን ክፈት። በሆስፒታል፣ በወረዳ፣ በፍርድ ቤት ሰው በቋንቋው ይስተናገድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቁምለት ይላል። ይህችን እንኳ በትክክል ፈጽም። ቋንቋ የሚከበረው ቢሮ ውስጥ ሲሠራ እንጂ አደባባይ ላይ ሲጮኽ አይደለም።

(ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ተስተናግዷል። አንዲት እናት “የእኔ የልጅ ልጅ ኦሮምኛ ተምራ ምን ልትሠራበት ነው? እንግሊዝኛውን ትማር እንጂ” ብለው ለጠየቁት የተሰጠው መልስ የሚከተለው ነው።)

እማማ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ልክ ነዎት፣ እንጀራ ቅድሚያ አለው። ግን ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የልጅ ልጅዎ ሐኪም ብትሆን እዚህ ኮልፌ ሆና ማንን ልታክም ነው? ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ የሚመጣውን በሽተኛ አይደለም? “የት ላይ ያምዎታል?” ብላ መጠየቅ ካልቻለች እንግሊዝኛዋ ለበሽተኛው ምን ያደርግለታል? እንግሊዝኛው መድኃኒቱን ያነብላታል፤ ኦሮምኛው ሕመሙን ይነግራታል። ሁለቱንም ትያዝ። አማርኛውማ እርስዎ አሉላት። እርስዎ ከጉልበትዎ ካላወረዱት ማንም አይቀማትም።